የሆድ እብጠት በአልትራሳውንድ ሲመረመር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በዚህ ምርመራ ላይ ከማሽን ጉድለት ይልቅ ችኮላ ብዙ ያሳስታል። ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ብቅ ሲል ከየት እንደ በቀለ ሳይጣራ ስም ይወጣለታል።

ሽንት ፊኛን መርሳት። ከእምብርት በታች ጥቁርና ግድግዳው ቀጭን የሆነ ትልቅ ከረጢት ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሞላ ፊኛ ነው። ታካሚዋ ሽንቷን ሸንታ ትመለስና እንደገና ትታይ። በሌላ በኩል የማህፀንና የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) እብጠት በሆድ በኩል ደህና አድርጎ የሚታየው ፊኛ ሲሞላ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዴ ሁለቴ ማየት ግድ ይላል። በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ከሆነች ደግሞ የእርግዝና ምርመራ አይዘለልም።

እብጠቱ የየትኛው አካል እንደሆነ አለመጠየቅ። እኔ ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ፕሮቡን (በሆድ ላይ የሚያዘውን የአልትራሳውንድ መሣሪያ) አንድ ቦታ ይዞ ታካሚውን «ትንፋሽ ሳብ ያድርጉ» ማለት ብዙ ነገር ይፈታል። እብጠቱ ከጉበቱ ጋር ተጣብቆ አብሮ ከወረደ የጉበት ሊሆን ይችላል፤ ጉበቱ በላዩ ላይ ከተንሸራተተ ግን ምንጩን በኩላሊት፣ በአድሬናል (ከኩላሊት በላይ ባለው እጢ) ወይም ከሆድ ዕቃ ጀርባ ፈልጉ። ጠርዙንም እዩ፦ ኩላሊቱ እብጠቱን እንደ ጥፍር ከሁለት ወገን ከያዘው የበቀለው ከራሱ ከኩላሊቱ ነው። እዚህ ላይ አፈጣጠርም ያታልላል። ሁለቱ ኩላሊቶች ከታች ተጋጥመው የተፈጠሩ እንደሆነ መገናኛቸው በአኦርታ (ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ) ፊት ስለሚያልፍ ያበጠ ንፍፊት ይመስላል።

ጥቁር ሁሉ ውሃ አይደለም። ተራ ሲስት (ፈሳሽ የያዘ ከረጢት) ውስጡ ጥቁር፣ ግድግዳው ቀጭን፣ ከበስተኋላው ያለው ሥጋ ደግሞ ደመቅ ያለ ነው። በሊምፎማ (በንፍፊት ካንሰር) ያበጠ ንፍፊት ግን በጣም ጠቁሮ ውሃ ሊመስል ስለሚችል ጌይኑን (የምስሉን ድምቀት) ከፍ አድርጎ፣ ዶፕለር (የደም ፍሰት ማሳያውን) ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ውስጡ የደም ሥር ከታየ ሲስት የሚለው ስም ወደቀ።

ዶፕለር ሳይከፍቱ እብጠቱ በመርፌ እንዲወጋ መላክ። ይሄ አደገኛው ነው፤ «ሲስት» የተባለው አኑሪዝም (ተለጥጦ የሰፋ የደም ቧንቧ) ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በሆድ ውስጥ ያለው አኦርታ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አኑሪዝም ይባላል። በጉበት ውስጥ ያለ ሲስት ትንንሽ ሲስቶችን ከያዘ ወይም የተላቀቀ ሽፋን ውስጡ ከተንሳፈፈ ሂዳቲድ (በጥገኛ ትል የሚመጣ ሲስት) ይጠረጠራል፤ ያለ ዝግጅት ቢወጋ ፈሳሹ ፈስሶ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

መጠኑን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለክቶ መተውም ቀጣዩን ክትትል ያበላሻል፤ በሦስት አቅጣጫ ይለካ።

በመጨረሻ፣ ያልታየውን «ደህና ነው» ብሎ መጻፍ። የአንጀት ጋዝ ቆሽትን፣ በተለይ ጭራውን፣ ይጋርዳል። ከምርመራው በፊት ለ6–8 ሰዓታት ያህል መጾም፣ በፕሮቡ ቀስ ብሎ ጫን ማለት፣ ታካሚውን በጎን ማስተኛት ይረዳል። ይህም ካልሠራ ሪፖርቱ ላይ «በጋዝ ምክንያት ቆሽቱ አልታየም» ተብሎ ይጻፍ፤ ጥርጣሬው ካለ ታካሚው ለሲቲ ስካን ይላካል።