ክትባት ወስጄ ስፖርት ልሥራ ወይስ ልረፍ?

አጭሩ መልስ፦ ደህና ከሆናችሁ ተንቀሳቀሱ፣ ግን አታካብዱ። ረጅሙ ደግሞ ይኸውላችሁ።

መጀመሪያ ውስጣችሁ ምን እየሆነ እንደሆነ እንይ። መርፌው ክንድ ላይ ሲወጋ እዚያው ጡንቻ አካባቢ ያሉ ተከላካይ ሴሎች ይነቃሉ፣ ያገኙትን ነገር ይዘው ብብት ሥር ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ይሄዳሉ፣ አንቲቦዲ፣ ማለትም በሽታ አምጪውን የሚለይና የሚዋጋ ፕሮቲን፣ የማምረቱ ሥራም እዚያ ይጀመራል። አንዳንድ ሰው ከተከተበ በኋላ ብብቱ ሥር ንፍፊት የሚወጣበት ለዚህ ነው። ስፖርት ስንሠራ ደሙም፣ ተከላካይ ሴሎችን የሚያመላልሰው ፈሳሽ ሊምፉም ፈጠን ብሎ ይዘዋወራል፣ ተከላካይ ሴሎችም በብዛት ወደ ደም ይወጣሉ። ይሄ ግርግር ክትባቱን ያግዘዋል ወይ? ጥያቄው እሱ ነው።

ያግዘዋል የሚል ጥሩ ፍንጭ አለ። በአሜሪካ የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ የኢንፍሉዌንዛ ወይም የፋይዘርን የኮቪድ ክትባት ወስደው ወዲያው ለ90 ደቂቃ ብስክሌት የነዱ ወይም ፈጠን ብለው የተራመዱ ሰዎች ከአራት ሳምንት በኋላ ደማቸው ሲታይ፣ አርፈው ከተቀመጡት የበለጠ አንቲቦዲ ተገኝቶባቸዋል። 45 ደቂቃስ? ምንም ለውጥ አላመጣም። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፣ ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ማግኘት የለም። የተሳተፉት ሰዎች ግን ብዙ አልነበሩም፣ ስለዚህ ነገሩን እንደ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱት። ጊዜ ካላችሁ የምትሞክሩት ነገር ነው።

እንግዲህ መሞከር ከፈለጋችሁ ቀጠሮውን ከኋላው ሁለት ሰዓት ያህል ነፃ ጊዜ ባላችሁበት ቀን ያዙ። በልታችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ ሂዱ። ከተወጋችሁ በኋላ ደግሞ 15 ደቂቃ እዚያው ቁጭ በሉ። ይሄን ማንም መዝለል የለበትም፣ ምክንያቱም ራሱን የሚስትም ሆነ ከባድ አለርጂ የሚነሳበት ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያችው ሰዓት ነው። ከዚያ ተነስታችሁ መንገድ ጀምሩ። ፍጥነቱ እንዴት ይታወቃል? በጥናቱ የሰዎቹ የልብ ምት በደቂቃ ከ120 እስከ 140 ነበር፣ ግን ሰዓት ላይ ማፍጠጥ አያስፈልግም፤ እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልክ ናችሁ። ትንፋሽ አጥሯችሁ ቃላት መቆራረጥ ከጀመራችሁ ቀንሱ። ማጠር ካጠረ ይጠር፣ ሠላሳ ደቂቃ መራመድም የሚጎዳ ነገር የለውም።

ክንዳችሁን በተመለከተ፣ እኔ በአንድ ወቅት ጀግና ልሁን ብዬ በተከተብኩበት ምሽት ፑሽ አፕ ሠርቼ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቲሸርት ላጠልቅ እጄን ወደ ላይ ሳነሳ ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ቲሸርቱ ፊቴን ሸፍኖ፣ አንድ እጄ አየር ላይ ቀርቶ፣ ሳቅም ሕመምም ያዘኝ። ትምህርቱን አግኝቻለሁ፦ ክንድን ማንቀሳቀስ ጥሩ ነው፣ ማስጨነቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ትከሻችሁን በየጊዜው አሽከርክሩ፣ እጃችሁን ቀስ ብላችሁ አንሱ አውርዱ፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጉበት። ከባድ ክብደት ሕመሙ እስኪለቅ ይቆይ።

ሕመም ይመጣል ብላችሁ ቀድማችሁ ፓራሲታሞል አትዋጡ። ሕመሙ ከመጣ በኋላ ግን ብትወስዱ ችግር የለውም።

በማግስቱ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ድቅቅ የማለት ስሜት ካለ ስፖርት የለም። በቃ፣ ተኙ። ክትባቱ ያለ ስፖርትም ሥራውን ይሠራል፣ አንድ ሁለት ቀን ስለተኛችሁ የሚቀርባችሁ ነገር የለም። ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም በአንዴ ወደ ድሮው አትመለሱ፣ የመጀመሪያዋ ቀን ቀለል ያለ እርምጃ ትሁን።

አንድ ነገር ግን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። እንደ ፋይዘርና ሞደርና ያሉት የኤምአርኤንኤ ክትባቶች አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻ መቆጣት ያስከትላሉ። በብዛት የታየው ወጣት ወንዶች ላይ፣ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲንጋፖር ውስጥ ከተከተበ በኋላ ክብደት ያነሳ የ16 ዓመት ልጅ ልቡ ቆሞበት ስለነበር፣ የአገሪቱ ጤና ጥበቃ ከባድ ስፖርት ለሁለት ሳምንት እንዲቀር መክሯል። እኔም ለወጣቶች የምለው ይሄንኑ ነው፦ መራመዱን ተራመዱ፣ ስፕሪንቱንና ከባዱን ብረት ለሁለት ሳምንት ተዉት። ደረት ላይ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ልብ ያለ ምክንያት ድው ድው ማለት ከመጣ ደግሞ ስፖርቱን አቁማችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት።

ከዚያች ከአንዷ ቀን እርምጃ ይልቅ የሚያሳምነኝ ግን የዘወትሩ እንቅስቃሴ ነው። በደቡብ አፍሪካ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን የኮቪድ ክትባት በወሰዱ የጤና ሠራተኞች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ክትባቱ ሆስፒታል ከመግባት የጠበቀው በሳምንት ከ60 ደቂቃ በታች የሚንቀሳቀሱትን 60 በመቶ፣ 150 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚንቀሳቀሱትን ግን 86 በመቶ ገደማ ነበር። እርግጥ ስፖርት የሚሠራ ሰው ሌላውም ጤናው የተሻለ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ለስፖርቱ አልሰጠውም። ያም ሆኖ 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ ቀጣዩ መርፌያችሁ ገና ወራት ከቀረው ከአሁኑ ብትጀምሩት ይደርሳል።