ሟች ዘመዳችሁ አሜሪካ ጦር ውስጥ ያገኘው ሜዳሊያ ፋይሉ ላይ ከሌለ እንዴት ይስተካከላል? (ጎጃም ሆናችሁ)

ከኛ ከጎጃም በዲቪ ወይ በቤተሰብ ሄደው፣ ግሪን ካርድ ይዘው አሜሪካ ጦር የገቡ ልጆች አሉ፣ ከነሱ ውስጥ ደሞ ያረፉ አሉ። ቤተሰብ እጅ የሚቀረው ብዙ ጊዜ አንድ የዩኒፎርም ፎቶና ጥቂት ወረቀት ነው፣ ፎቶው ላይ ደረቱን ሞልቶት የምታዩት ሪባን (ሜዳሊያን የሚወክል ባለቀለም ጨርቅ) ወረቀቱ ላይ ስትፈልጉት ግማሹ የለም። ሚያዝያ 27 አባቶች ኒሻናቸውን ደርድረው ሲወጡ እያየ ያደገ ሰው ይሄ ነገር ለምን እንደሚያንገበግብ ማንም አያስረዳውም። ልጁ ዘምቶ ያገኘው ነገር የሆነ ጸሐፊ ስለዘለለው ብቻ ጠፍቶ መቅረት የለበትም። ደግሞም ይስተካከላል፣ ከሞተ በኋላም ይስተካከላል፣ ማመልከቻው አይከፈልበትም፣ ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። ግን ቅደም ተከተል አለው፣ ሰው የሚደክመውም ቅደም ተከተሉን ሲያምታታ ነው።

አያታችሁ በ1943 ዓ.ም እና ከዛ በኋላ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመቱ ከሆነ ይሄ መንገድ የናንተ አይደለም። የሳቸው መዝገብ የኢትዮጵያ ጦር መዝገብ ነው፣ የአሜሪካ ጦር የሪከርድ ማረሚያ ቦርድ የሚያየው የራሱን ወታደሮች ፋይል ብቻ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን አስወጡ

ምንም ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ሙሉ ፋይሉ እጃችሁ ይግባ። ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ ብሔራዊ የፐርሶኔል (የሰው ኃይል) ፋይል ማዕከል የሚባል፣ የወታደሮች መዝገብ የሚቀመጥበት አለ (አድራሻው 1 አርካይቭስ ድራይቭ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ 63138)፣ የሚጠየቀው ኤስኤፍ 180 በሚባል ፎርም ነው። ኦንላይንም አለ፣ ግን ኦንላይኑ የማንነት ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ ቢቸና ወይ ሞጣ ላለች እናት አይሆንም፣ ፎርሙን ፕሪንት አርጋችሁ በእስክሪብቶ ፈርማችሁ በፖስታ መላክ ይሻላል። ሙሉ ስሙን ጦሩ ውስጥ በተጻፈበት አጻጻፍ፣ የትውልድ ቀኑን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን፣ የትኛው ጦር እንደነበረ (ምድር ጦር፣ ባህር ኃይል፣ ማሪን፣ አየር ኃይል) እና የገባበትንና የወጣበትን ጊዜ ትሞላላችሁ፣ የሞት ማስረጃ ኮፒም ታያይዛላችሁ። ፎርሙ ላይ የምትፈልጉትን ስትጽፉ "ዲዲ 214" ብቻ ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ሙሉ የፐርሶኔል ፋይሉን ከነ ሜዳሊያ ትእዛዞቹ በሉ።

ዲዲ 214 ማለት ከጦሩ ሲወጣ የሚሰጠው የአገልግሎት ማጠቃለያ ወረቀት ነው። አጭርና ረጅም ኮፒ አለው፣ አጭሩ ላይ የተቀነሰ ነገር ስላለ ረጅሙን ጠይቁ። ልጁ በአገልግሎት ላይ እያለ የሞተ ከሆነ ግን ዲዲ 214 አትጠብቁ፣ በሱ ፈንታ ዲዲ 1300 የሚባል የሞት ሪፖርት ነው የሚወጣው።

የድሮ ሰው ከሆነ ደሞ ሌላ ነገር አለ። በ1973 እንደ ፈረንጆቹ ሴንት ሉዊስ ላይ ትልቅ ቃጠሎ ነበር፣ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል ወደመ፣ በተለይ በ1912 እና በ1960 መሀል ከምድር ጦር የወጡ ሰዎች ፋይል 80 ከመቶው ጠፍቷል። የቅርብ ጊዜ ወታደር ከሆነ ይሄ አይነካችሁም።

ወረቀቱን ከራሱ ጋር አስተያዩት

ፋይሉ ሲመጣ ረጋ ብላችሁ ተቀመጡና ዲዲ 214ን አንብቡ። አሁን ባለው ፎርም ሳጥን 13 ላይ ነው ሜዳሊያዎቹ የሚዘረዘሩት። ሳጥን 18 ደሞ "ማስታወሻ" ነው፣ የትና መቼ እንደዘመተ ብዙ ጊዜ እዛ ይጻፋል። አብዛኛው ስህተት የሚገኘው እነዚህን ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ነው። ለምሳሌ ሳጥን 18 ላይ "በአፍጋኒስታን አገልግሏል፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን" ተብሎ ወራት ተጽፏል፣ ሳጥን 13 ላይ ግን የአፍጋኒስታን ዘመቻ ሜዳሊያ የለም። ይሄ ሜዳሊያ 30 ተከታታይ ቀን፣ ወይ የተቆራረጠ 60 ቀን እዛ ላገለገለ የሚሰጥ ነው። እንግዲህ የገዛ ወረቀታቸው ነው የሚመሰክርላችሁ፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል።

ሜዳሊያን በሁለት ከፍላችሁ እዩት። አንደኛው በቦታና በጊዜ የሚገኘው ነው፣ ማለት የዘመቻ ሜዳሊያ፣ የአገልግሎት ሪባን፣ እንዲሁም ከመስከረም 2001 እስከ 2022 መጨረሻ እንደነሱ አቆጣጠር ላገለገለ ሁሉ የሚሰጠው የብሔራዊ መከላከያ አገልግሎት ሜዳሊያ። ለነዚህ ያገለገለበት ቦታና ቀን ከተረጋገጠ ብዙ ክርክር የለም። ሁለተኛው ደሞ ሌላ ሰው ጽፎ አቅርቦለት፣ አዛዥ ፈርሞ የሚሰጥ ነው፣ ለዚህ ትእዛዙ ራሱ መገኘት አለበት። ምድር ጦር ላይ ዲኤ 638 የሚባል የሽልማት ማቅረቢያ ፎርም አለ፣ ፋይሉ ውስጥ እሱን ፈልጉ።

የቆሰለ ከሆነ ፐርፕል ኸርት የሚባለውን ነው የምትጠይቁት፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆስሎ ነበር ማለት ብቻ አይበቃም፣ ሶስት ነገር ነው የሚታየው፦ ቁስሉ ከጠላት የመጣ መሆኑ፣ በሀኪም መታከም የሚያስፈልገው የነበረ መሆኑ፣ ህክምናው በጦሩ መዝገብ ላይ መስፈሩ። ስለዚህ የህክምና ፋይሉን ለብቻ ጠይቁ። አብረውት የነበሩ ጓዶቹን ፌስቡክ ላይ በዩኒቱ ስም ፈልጋችሁ በአይናቸው ያዩትን ጽፈው እንዲፈርሙ አርጉ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የት ቆመው እንዳዩ ይጻፉ። "ጀግና ልጅ ነበር" የሚል ምስክርነት ለተዝካር ይሁን፣ ለቦርድ ግን "በዚህ ቀን መኪናችን ፈንጂ ሲመታ አጠገቡ ነበርኩ፣ ግራ እግሩን ቆስሎ ሀኪም ሲያክመው አይቻለሁ" የሚለው ነው የሚሰራው።

ፎቶውንም አትናቁት፣ ሪባኑ በግልጽ እንዲታይ አርጋችሁ ስካን አድርጉት። ለብቻው አያሸንፍም፣ ግን ምን መፈለግ እንዳለባችሁ ያሳያችኋል፣ የሪባኑን ቀለም ከኦፊሻል ሰንጠረዥ ጋር አስተያይታችሁ ስሙን ታገኙታላችሁ።

የስም ጉዳይ፣ እኛን የሚያሰናክለን

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ለአሜሪካኖች ተብሎ የተጻፈ መመሪያ ይሄን አይነግራችሁም። ማመልከት የሚችለው ቅርብ ዘመድ ነው፦ ሌላ ያላገባች ሚስት (ወይ ባል)፣ ልጅ፣ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት። ሚስት ካለች ሜዳሊያውን በመቀበል እሷ ትቀድማለች፣ ስለዚህ ከፎርሙ በፊት ከሷ ጋር ተነጋገሩ፣ ቅያሜ ካለም ሽማግሌ ይግባበት፣ ሁለት ዘመድ ለየብቻ ሲያመለክት ጉዳዩ ይጓተታል።

አሁን እንበል ልጁ አስናቀ ሙሉጌታ ታመነ ነው፣ እናቱ ጥሩወርቅ ደሴ። አሜሪካ ሲገባ "ታመነ" የቤተሰብ ስሙ ሆኖ ተመዘገበ፣ ጦሩም ሲጠራው የኖረው በአያቱ ስም ነው። ሴንት ሉዊስ ያለው ሰራተኛ ወረቀቱን ሲያይ የልጅ ስም ታመነ፣ የእናት ስም ደሴ፣ የእህቱ መታወቂያ ላይ ደሞ ሙሉጌታ ብቻ። ለሱ እነዚህ ሶስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። የትውልድ ዓመቱም እንዲሁ ነው፣ የኛ ወረቀት ላይ 1978 ተብሎ የተጻፈው በነሱ 1985 ወይ 1986 ነው፣ ሳይቀየር ከተላከ ሌላ ሰው ይመስላል።

መድኃኒቱ ከማስረጃዎቹ ላይ የምታስቀምጡት አንድ አጭር ደብዳቤ ነው፣ እንዲህ ያለ፦ "እኔ ጥሩወርቅ ደሴ የሟች አስናቀ ሙሉጌታ ታመነ ወላጅ እናት ነኝ። በኢትዮጵያ የቤተሰብ የጋራ ስም የለም፤ ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን፣ ከዚያም የአያቱን ስም ይይዛል፣ ሴትም ካገባች በኋላ በአባቷ ስም ትጠራለች። ስለዚህ የእኔ ስም ከልጄ ስም ጋር አይመሳሰልም። ዝምድናችንን የሚያሳይ የልደት ምስክር ወረቀትና የፍርድ ቤት ውሳኔ አያይዣለሁ። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆኑ ጎናቸው ላይ የአውሮፓውን ጽፌያለሁ።" ይሄን በእንግሊዝኛ አስተርጉማችሁ ትፈርሙበታላችሁ።

ማስረጃዎቹን ከቀበሌና ከወሳኝ ኩነት ታወጣላችሁ፣ የልደት ወረቀት ከሌለ ወይ ስሙ ከተለያየ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ምስክር አቅርባችሁ የዝምድና ወይም የወራሽነት ውሳኔ ታስወስናላችሁ። የክርስትና ስም ካለበት የቤተክርስቲያን ወረቀት ጋር አታምታቱት፣ ገብረ ማርያም ተብሎ የተጠመቀው አስናቀ መሆኑ ካልተገለጸ ሶስተኛ ሰው መጣ ማለት ነው። ሁሉም ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ይተርጎም፣ በሁሉም ላይ ስሙ በላቲን ፊደል አንድ አይነት ይጻፍ፣ ጦሩ እንደጻፈው ማለቴ ነው፣ ተርጓሚው ደስ እንዳለው አይደለም። ኦሪጅናል በፍጹም አትላኩ፣ ኮፒ ብቻ።

ማመልከቻው

ቀላል የጸሐፊ ስህተት ከሆነ፣ ማለት ትእዛዙ ፋይሉ ውስጥ እያለ ሳጥን 13 ላይ ተዘሎ ከሆነ፣ መጀመሪያ የጦሩን የሰው ኃይል ክፍል ጠይቁ፣ የምድር ጦሩ ኬንታኪ ፎርት ኖክስ ነው ያለው። ከተስማሙ ዲዲ 215 የሚባል ማረሚያ ወረቀት ያወጣሉ፣ አለቀ። ቦርዱም ቢሆን መጀመሪያ ይሄን ሞክራችኋል ወይ ነው የሚለው፣ ስለዚህ መልሳቸውን፣ እንቢታም ቢሆን፣ አስቀምጡት።

እነሱ ካልቻሉ ወይ እንቢ ካሉ ወደ ሪከርድ ማረሚያ ቦርድ ነው። ምድር ጦር፣ ባህር ኃይል (ማሪንን ጨምሮ) እና አየር ኃይል የየራሳቸው ቦርድ አላቸው፣ ፎርሙ ግን አንድ ነው፣ ዲዲ 149። የሚጠየቀው ነገር ግልጽ ይሁን፦ "ሳጥን 13 ላይ የአፍጋኒስታን ዘመቻ ሜዳሊያ ይጨመር" በሉ፣ ምክንያቱን በሁለትና ሶስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ እያንዳንዱን ነጥብ ከማስረጃ ቁጥር ጋር አያይዙ፣ ማስረጃ 1፣ ማስረጃ 2 እያላችሁ። የሞት ማስረጃና የዝምድና ማስረጃ የግድ አብሮ መግባት አለበት።

ህጉ ስህተቱን ባወቃችሁ በ3 ዓመት ውስጥ አመልክቱ ይላል። ጊዜው ካለፈባችሁ ግን ተስፋ አትቁረጡ፣ ቦርዱ ለፍትህ ሲባል ጊዜው ያለፈበትንም ማየት ይችላል። ፎርሙ ላይ ያወቃችሁበትን ቀንና የዘገያችሁበትን ምክንያት እውነቱን ጻፉ፣ ፋይሉ አሜሪካ፣ እናንተ ገጠር፣ ወረቀቱ በማታውቁት ቋንቋ፣ ይሄ ሁሉ ምክንያት ነው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ካላችሁ ትልቅ ስራ መስራት ይችላል። የሚኖርበት አካባቢ የኮንግረስ ተወካይ ቢሮ እንዲህ አይነት ጉዳይ የሚከታተል ሰራተኛ አለው፣ ዘመዳችሁ ይደውልና የፈቃድ ፎርም አስልኮ እናንተ ትፈርማላችሁ። በተለይ ልጁ ጀብዱ ሰርቶ ማንም ሳያቀርብለት የቀረ ከሆነ የዘገየ የሽልማት ጥያቄ የሚገባው በኮንግረስ አባል በኩል ነው፣ በህጋቸው ክፍል 1130 የሚባለው።

ከዛ መጠበቅ ነው። ህጉ ቦርዶቹን ከ10 ጉዳይ 9ኙን በ10 ወር፣ ሁሉንም በ18 ወር ጨርሱ ይላቸዋል። አድራሻችሁ ከተቀየረ አሳውቁ፣ ስልክ ከማይነሳበትና ኔት ከሚጠፋበት ቦታ ከሆናችሁ የአሜሪካውን ዘመድ ኢሜይል እንደ መገኛ አስገቡ። እንቢ ካሉም የመጨረሻ አይደለም፣ ቦርዱ ያላየው አዲስ ማስረጃ ካገኛችሁ እንደገና እንዲያዩት መጠየቅ ትችላላችሁ።

ከተስተካከለ በኋላ ሜዳሊያዎቹን በዛው በኤስኤፍ 180 ትጠይቃላችሁ፣ ለቅርብ ቤተሰብ በነጻ ነው። ልጁ የተቀበረው ጎጃም ከሆነ ደሞ የአሜሪካ የቬተራን ጉዳዮች መስሪያ ቤት መቃብሩ የትም አገር ቢሆን የመቃብር ድንጋይ በነጻ ይሰጣል፣ ማስተከያውን ቤተሰብ ይችላል። ፐርፕል ኸርትና የጀግንነት ሜዳሊያ ድንጋዩ ላይ ማስቀረጽ ይቻላል፣ ግን በማስረጃ ነው፣ ስለዚህ ድንጋዩን የምታዙት ዲዲ 215 እጃችሁ ከገባ በኋላ ይሁን፣ ደብሩንም አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።