በፓይተን የክላስ ተለዋዋጮችን መነሻ ዋጋ አሰጣጥ

በፓይተን አንድ ተለዋዋጭ የጋራ ወይም የግል መሆኑን የሚወስነው የተጻፈበት ቦታ ነው። ከክላሱ ስም ሥር፣ ከሜተዶች (ከክላሱ ፈንክሽኖች) ውጭ ከተጻፈ ከክላሱ የሚፈጠሩት ኦብጀክቶች ሁሉ ይጋሩታል። በኢኒት (__init__፣ ኦብጀክት ሲፈጠር የሚሠራው ሜተድ) ውስጥ ከሰልፍ (self፣ ኦብጀክቱ ራሱ) ጋር በነጥብ ከተያያዘ ደግሞ የየኦብጀክቱ ነው።

«ደንበኛ» የሚል ክላስ እንውሰድ (ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን ለስያሜ ይቀበላል፤ ቁልፍ ቃላቱ ግን በላቲን ይቀራሉ)። ቫት = 0.15 በጋራ ቢቀመጥ ችግር የለውም። ባዶ ሊስት ግን በጋራ አታስቀምጡ። ሊስቱ የሚፈጠረው ክላሱ ሲተረጎም አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ በአፔንድ (append፣ ሊስት ላይ መጨመሪያ) ለአንዱ ደንበኛ ያስገባችሁት ትዕዛዝ በሌሎቹም ላይ ይታያል። የስህተት መልእክት ስለማይወጣ ፈልጎ ማግኘቱ ያደክማል። ሊስቱን ወደ ኢኒት አውርዱት፦

ሰልፍ.ትዕዛዞች = []

ባዶ ሊስትን የኢኒት ፓራሜትር መነሻ ዋጋ ማድረግም ያው ወጥመድ ነው። በምትኩ ነን (None፣ «ምንም የለም» የሚል ዋጋ) ስጡና ሊስቱን ኢኒት ውስጥ ፍጠሩ። ዳታክላስ (dataclass፣ ኢኒቱ በራሱ የሚጻፍለት ክላስ) በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ሊስት በመነሻ ዋጋነት ስትሰጡት ገና ከጅምሩ ቫልዩ ኤረር (ValueError) የተባለ ስህተት ያነሳል፣ ዲፎልት ፋክትሪ (default_factory፣ ለየኦብጀክቱ አዲስ ሊስት የሚፈጥር) እንድትጠቀሙም ያስገድዳል።

ቆጣሪ ላይ የሚሠራው ስህተት ሌላ ነው። ክላሱ ውስጥ ቆጣሪ = 0 ብላችሁ፣ ኢኒት ውስጥ ሰልፍ.ቆጣሪ += 1 ብትጽፉ፣ ፓይተን የጋራውን 0 አንብቦ 1ን በኦብጀክቱ ላይ በግል ይጽፋል። 100 ደንበኛ ብትፈጥሩም የክላሱ ቆጣሪ 0 ላይ ይቆማል። በክላሱ ስም ጥሩት፦

ደንበኛ.ቆጣሪ += 1