ሥራ ላይ ለውጥ የሚያመጣ የኦንላይን ሥልጠና እንዴት ይዘጋጃል?

የኦንላይን ሥልጠና ሲባል ብዙ መሥሪያ ቤት የአዳራሹን ስላይድ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ ይልካል። ወይም ሠራተኛውን ሙሉ ቀን ዙም ላይ ያስቀምጠዋል። ሠራተኛው ካሜራውን ያጠፋል፣ የራሱን ሥራ ይሠራል፣ በመጨረሻ ሰርተፍኬት ይደርሰዋል። አሠራሩ ግን እንደነበረው ይቀጥላል። ይህ የሰው ጊዜና የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ነውና ያሳዝናል።

ለምሳሌ እንዲሆነን በየክልሉ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ እንውሰድ። ደንበኞች “ከባንክ ነው የምንደውለው” በሚሉ አጭበርባሪዎች ገንዘብ እያጡ ነው እንበል።

መጀመሪያ ስህተቱን ይፈልጉ

“ስለ ዲጂታል ባንኪንግ ደኅንነት ሥልጠና ይሰጥ” የሚል ደብዳቤ ቢመጣም ወዲያው ስላይድ መሥራት አይጀምሩ። ለሁለት ሦስት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች ይደውሉ። የቅሬታ መዝገቡን ያንብቡ። መስኮት ላይ የሚሠሩትን “ባለፈው እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ምን አደረጋችሁ?” ብለው ይጠይቁ። አንዳንዴ ችግሩ የእውቀት አይደለም። ሠራተኛው ሂሳቡን ማሳገድ እንዳለበት ያውቃል፤ የሚደውልበት ስልክ ግን አይነሳም። ይህን የትኛውም ሥልጠና አይፈታውም፤ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ይመደብ።

ግቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

“ሠራተኞች ስለ ማጭበርበር ግንዛቤ ያገኛሉ” የሚለው ግብ አይሆንም፤ መድረሱን በምን ያውቃሉ? “ደንበኛው እንደነገረው፣ ቅጽ ከማስሞላቱ በፊት ሂሳቡን ያሳግዳል” ቢባል ግን በዓይን ይታያል።

ከማብራሪያው በፊት ልምምዱን ይሥሩ

የሥልጠናው ልብ ይህ ነውና ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። ጥያቄው ሠራተኛው በየቀኑ የሚያየውን መስኮት ይምሰል። ለምሳሌ፦

አንዲት እናት ተጣድፈው ገቡ። “ልጄ፣ ከባንክ ነን ብለው ደወሉልኝ፤ ስልኬ ላይ የገባውን ቁጥር ነገርኳቸው” አሉ። ከኋላቸው ረጅም ሰልፍ አለ። ምን ታደርጋለህ? ሀ) የማመልከቻ ቅጽ እሰጣቸዋለሁ። ለ) ሂሳባቸውን ወዲያው አሳግዳለሁ። ሐ) መጀመሪያ ስንት ብር እንደወጣ አጣራለሁ።

መልሱ ለ ነው። ሐን ለመረጠው “ተሳስተሃል” ማለት ብቻውን አያስተምረውም። “ስታጣራ ሁለት ደቂቃ አለፈ፤ የቀረውም ገንዘብ ወደ ሌላ ሂሳብ ተዛወረ” ይበሉት። የምርጫውን ውጤት ያየዋል። የተሳሳቱት አማራጮች ደግሞ ሰው በእውነት የሚያደርጋቸው ይሁኑ። ማንም የማይመርጠው አማራጭ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም። ደንበኛው በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ በሚስተናገድበት ቅርንጫፍ ልምምዱም በዚያው ቋንቋ ይዘጋጅ።

እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት ልምምዶች ከያዙ፣ ማብራሪያው እነሱን ለመሥራት የሚያስፈልገው ብቻ ይሁን። የመመሪያው ሙሉ ቃል በተለየ ፋይል ይቀመጥ። ቪዲዮም ያሳጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢዲኤክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ኮርሶች ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን የፈተሸ ጥናት እንዳሳየው፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ተማሪዎች በብዛት ከ6 ደቂቃ በላይ አይቆዩበትም።

የሚጫንበትን ቦታ ይምረጡ

ሙድል የኦንላይን ትምህርት የሚጫንበት፣ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ በስልክ መተግበሪያው ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መከታተል ይቻላል። ለጥቂት ሠራተኞች የቴሌግራም ቡድንና የቴሌግራም ጥያቄዎች ይበቃሉ። የትኛውንም ቢመርጡ፣ ለሁሉም ከመልቀቅዎ በፊት ከከተማ ራቅ ባለ ቅርንጫፍ፣ በተራ ስልክና በሞባይል ዳታ ያስሞክሩት። ሲሞክሩ ዝም ብለው ይመልከቱ፤ አያስረዱ። የሚቆሙበት ቦታ ሁሉ መስተካከል ያለበት ቦታ ነው።

የቀጥታ ስብሰባ ካስፈለገ አጭር ይሁን፤ ነጻው ዙም በ40 ደቂቃ ስለሚቋረጥ በዚያው ልክ ያቅዱት። ሰዓቱን “ከጠዋቱ 3 ሰዓት” ብለው በግልጽ ይጻፉ። ሶፍትዌሩ የሚልከው 9:00 ነው፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የሚገባ ሰው አይጠፋም።

ጊዜ ያስፈቅዱ

ሠራተኛው በሥራ ሰዓት፣ ከመስኮቱ ተነስቶ የሚማርበት ግማሽ ሰዓት ከኃላፊው በጽሑፍ ይፈቀድለት። በራሱ ስልክ የሚማር ከሆነ የዳታው ወጪም ይሸፈንለት። “ቤትህ ስትገባ ተማረው” ማለት ሠራተኛውን መበደል ነው።

ከሳምንት በኋላ ይመለሱ

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ዓይነት አጠናን አነጻጽረው ነበር፦ ጽሑፉን ደግሞ ማንበብንና ያነበቡትን ለማስታወስ መፈተንን። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ጽሑፉን ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ግን ሲያጠኑ ያነበቡትን ለማስታወስ የተፈተኑት የተሻለ አስታወሱ። ስለዚህ በሳምንቱ አንድ አዲስ ጥያቄ ይላኩ፤ በወሩም ሌላ።

አሜሪካዊው የሥልጠና ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥልጠናን በአራት ደረጃ መመዘን እንደሚቻል ጽፏል፦ ሰዎቹ ወደዱት ወይ፣ ተማሩ ወይ፣ ሥራ ላይ አዋሉት ወይ፣ ውጤት መጣ ወይ። የእርካታ ቅጽ አስሞልቶ መቆም የመጀመሪያው ላይ መቅረት ነው። በእኛ ምሳሌ የሚለካው ደንበኛው ከተናገረበት እስከ ሂሳቡ መታገድ ያለው ደቂቃ ነው። ይህን ቁጥር ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊትም ይመዝግቡት፤ ያለዚያ የኋላውን ከምን ጋር ያነጻጽሩታል?