ሰይፍም እግር ነው፦ በዝላይና በፍልሚያ ጌሞች ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጅማ ክረምት ረጅም ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር የጎረቤታችን ልጅ እኛ ቤት ይመጣል። በርጩማውን ስቦ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥና ሆሎው ናይት የሚባለውን የዝላይና የፍልሚያ ጌም ይከፍታል። በኳስ ጌም ከሆነ ሰፈር ውስጥ የሚችለው የለም። እዚህ ግን በየደቂቃው ይሞታል። እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ። እነዚህን ጌሞች ከልቤ ስለምወዳቸው፣ ሰው ጣዕማቸው ሳይገባው ሲተዋቸው ያሳዝነኛል። ችግሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጣት ፍጥነት አይደለም።

መሮጥና መምታትን መለያየት

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ልጁ ጠላት ሲያይ ይቆማል። ቆሞ ይመታል። ጠላቱ ሲሞት እንደገና መሮጥ ይጀምራል። እንደዚያ ከተጫወቱት ጌሙ ሁለት ቦታ ይቆረጣል፤ ውበቱም አብሮ ይሄዳል።

ጥሩ ጌም ላይ ምቱ ራሱ እንቅስቃሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን ሆሎው ናይት ተመልከቱ። ዘላችሁ ወደ ታች ስትመቱ፣ ምቱ ካረፈ መልሶ ወደ ላይ ያነጥራችኋል። እሾህ ላይ እንኳ ይሠራል። ስለዚህ እግራችሁ መሬት ሳይነካ፣ የሚበር ጠላት እየመታችሁ ገደል ትሻገራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመጀመሪያው ኦሪ የሚባል ጌም ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ጠላት የተኮሰባችሁን እሳት አየር ላይ ይዛችሁ፣ እሳቱን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ራሳችሁን ወደ ተቃራኒው ታስፈነጥራላችሁ። ሊገድላችሁ የመጣው ነገር መሰላል ሆነላችሁ ማለት ነው።

አንድ ቀን ልጁን "ለመግደል አትቸኩል፤ እየመታህ አየር ላይ ቆይ" አልኩት። ሦስቴ ወደቀ። በአራተኛው እሾህ ላይ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ ነጠረና ማዶ አረፈ። "ጋሼ፣ አየኸኝ?" አለ፤ ዓይኑን ግን ከስክሪኑ አልነቀለም። ሰይፍም እግር መሆኑ የገባው ያን ዕለት ነው።

ቁልፍ መደብደብ

ልጁ ሲጨንቀው የአውራ ጣቱ ጫፍ ነጭ እስኪሆን ቁልፉን ይጫናል። ግን አንድ ምት ሦስት ነገር አለው፦ መሣሪያውን ማንሳት፣ ማሳረፍ፣ መመለስ። ያለ ልክ ስትደበድቡ፣ ማምለጥ ባለባችሁ ቅጽበት እጃችሁ ሌላ ምት ላይ ተይዟል። ዴድ ሴልስ ላይ ከባድ መሣሪያ ይዛችሁ ሞክሩት፤ ወዲያው ይታያችኋል። እዚያ ጌም ላይ በትክክለኛው ሰዓት ከተንከባለላችሁ የጠላት ምት ሳይነካችሁ ያልፋል። ስለዚህ ዓይናችሁ የራሳችሁ ገጸ ባሕርይ ላይ አይቅር። የጠላትን ክንድ እዩ። ክንዱ ሲነሳ ነው መልስ የሚሰጠው።

ጠርዝ ሳይደርሱ መዝለል

ይሄ የፍርሃት ነው። እንወድቃለን ብለን ቀድመን እንዘላለን፣ ከዚያ ማዶው ይርቀናል። ሠሪዎቹ ግን ይህን ፍርሃት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሴሌስት እግራችሁ ጠርዙን ከለቀቀ በኋላም ለ0.1 ሰከንድ ያህል እንድትዘሉ ይፈቅዳል። እስከ መጨረሻው ሩጡ፣ አትፍሩ። የዝላዩ ቁመትም ቁልፉን በያዛችሁበት ልክ ነው። ነካ ስታደርጉት አጭር፣ ስትይዙት ረጅም ይሆናል። ሁልጊዜ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ሰው ጣሪያው ላይ ያለው እሾህ ይጨርሰዋል።

ሁሉንም ጌም በአንድ ዓይነት እጅ መጫወት

እ.ኤ.አ. በ1989 ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያን የሠራው ጆርዳን ሜክነር ታናሽ ወንድሙን ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀርጾ፣ እንቅስቃሴውን ከዚያ ላይ ነው የሳለው። የጌሙ ገጸ ባሕርይ፣ ልዑሉ፣ እንደ ሰው ይሄዳል። ግን የጀመረውን እርምጃ ሳይጨርስ አይመለስላችሁም። ሴሌስት ደግሞ አየር ላይ ሳላችሁ አቅጣጫ ያስቀይራችኋል። ሁለቱም ያምራሉ፤ የሰውነታቸው ክብደት ግን ለየቅል ነው። አዲስ ጌም ስትከፍቱ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ጠላት የሌለበት ቦታ ላይ ዝም ብላችሁ ዝለሉ።

ጆይስቲኩን መውቀስ

"ጋሼ፣ ጆይስቲኩ ተበላሽቷል" ይለኝ ነበር። የዘገየው ግን ቴሌቪዥኑ ነበር። ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል ሲያሳይ ለአንዱ ምስል የሚደርሰው 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ለማሳመር ሲሉ ከዚያ በላይ ያዘገዩታል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጌም ሞድ የሚለውን አብሩት።

ድምፅም እንዲሁ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርድበት የጌሙ ድምፅ ጨርሶ አይሰማም። ሆሎው ናይት ላይ ያለችው ሆርኔት የምትባል ተፋላሚ ግን ከመሰንዘሯ በፊት ትጮኻለች። ያን ጩኸት ያልሰማ ግማሹን ማስጠንቀቂያ አጥቷል። ኢርፎን አድርጉ።

እርዳታ መጠየቅን ማፈር

ሴሌስት የጌሙን ፍጥነት የሚቀንስ የእርዳታ ምርጫ አለው። ልጁ መጀመሪያ እንቢ አለ፤ "የሕፃን ነው" ብሎ። በኋላ ወደ 70 በመቶ አወረደው። ሲቀንስ ዝላዩን፣ ግድግዳ መያዙን፣ አየር ላይ ራስን መወርወሩን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ፤ እጁም ተረጋጋ። ሳምንት ሳይሞላው ማንም ሳይነግረው ወደ 100 መለሰው።