ቆለጥ ሲያብጥ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቆለጥ ሕመም ያሳፍራል። ስለዚህ ብዙ ወንድ ሐኪም ጋ ከመሄዱ በፊት ፋርማሲ ጎራ ይላል። በአዳማ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ ወይም በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ላይ ተቀምጦ የዋለ ሰው ደግሞ «መቀመጥ ነው ያመመኝ» ብሎ ያልፈዋል።

ድንገተኛ ሕመምን እስኪነጋ ማቆየት። ሕመሙ ባንዴ ከበረታ፣ ካቅለሸለሸ፣ ቆለጡም ወደ ላይ ከተሳበ፣ ቆለጡን የሚይዘውና ደም የሚያደርስለት ገመድ ተጠምዝዞ ደም እየተቋረጠ ሊሆን ይችላል። የቆለጡ የመትረፍ ዕድል ጥሩ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ከተፈታ ነው። በሌሊትም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ።

ያለ ምርመራ አሞክሳሲሊን መዋጥ። መንስኤው አንድ አይደለም። ዕድሜው ከ35 በታች በሆነና የግብረ ሥጋ ግንኙነት በሚያደርግ ወንድ ላይ በአብዛኛው በግንኙነት የሚተላለፉት ክላሚዲያና ጨብጥ ናቸው፤ ከዚያ በላይ በሆነው ላይ ከሽንት መስመር የሚመጡ የአንጀት ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። ለክላሚዲያ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን በዚህ ሕመም 10 ቀን ይወሰዳል፤ ሕመሙ ስለቀለለ በአራተኛው ቀን ማቆም በሽታውን መልሶ መጥራት ነው። ባለፉት 60 ቀናት ግንኙነት የነበራት ሴትም አብራ መታከም አለባት።

ጆሮ ደግፍ ያመጣው እብጠት ከሆነ መንስኤው ቫይረስ ነውና አንቲባዮቲክ ምንም አይሠራለትም። ትኩሳቱ እየተመላለሰ፣ ላብ እያጠመቀ፣ ወገብና መገጣጠሚያ የሚያም ከሆነስ? ያልተፈላ ወተት መጠጣትዎን ወይም ከከብት ጋር መዋልዎን ሳይጠየቁ ለሐኪሙ ይንገሩ። ከከብት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ቢያንስ ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ 6 ሳምንት ይፈጃል።

«እብጠቱ ጎደለ፣ ዳንኩ» ማለት። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይሄኛው ይመስለናል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ በእጅ ተዳስሶ አይገኝም።

ቆለጥም እንደ አንጎል ከደም የሚለየው አጥር አለው፤ ሳይታይ የሚጎዳውም እሱ ነው። አንጎልን ከደም የሚለየው አጥር ያለው በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ ነው። የቆለጡ አጥር ግን በዋናነት የቆመው ዘር በሚመረትባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ነው። ጎን ለጎን የተደረደሩ ሰርቶሊ የሚባሉ ህዋሳት እንደ ኦክሉዲንና ክላውዲን-11 ባሉ ፕሮቲኖች እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ ቁልፎቹን ከውስጥ አክቲን የሚባሉ የፕሮቲን ክሮች ይይዟቸዋል። የዘር እናት ህዋሳት ከአጥሩ ውጭ፣ ወደ ዘርነት እየተለወጡ ያሉት ከውስጥ ናቸው። እነዚህ የተለወጡት የሚታዩት ከጉርምስና ጀምሮ ስለሆነ፣ የመከላከያ ሥርዓታችን በልጅነቱ «የራሴ» ብሎ ካወቃቸው መካከል የሉም። አጥሩ ከፈረሰ እንደ ባዕድ ያያቸዋል፤ ፀረ እንግዳ አካላትም ሊያመርትባቸው ይችላል።

አጥሩ ግን በጤና ጊዜም ይከፈታል። ወጣት ህዋሳት ሲያልፉ ከኋላቸው አዲስ ቁልፍ ይሠራል፣ ቀጥሎ ከፊታቸው ያለው ይፈታል። ይህን ከሚያስተናብሩት መልእክተኞች አንዱ ቲኤንኤፍ አልፋ ነው፤ ያው በብግነት (ሰውነት ለጉዳት ወይም ለኢንፌክሽን በሚሰጠው የማበጥ ምላሽ) ስሙ የሚነሳው። ስለዚህ ነገሩ የመጠን ነው። ኢንፌክሽን ሲገባ በቱቦዎቹ መካከል ያሉ ማክሮፋጆች የሚባሉ የመከላከያ ህዋሳት ቲኤንኤፍ አልፋንና ኢንተርሉኪን-1 የተባለውን ሌላ የብግነት መልእክተኛ ከልክ በላይ ይረጫሉ። የቁልፍ ፕሮቲኖች ምርት ይቀንሳል፣ የአክቲኑ ክር ይዘበራረቃል፣ ገና ያልበሰሉ ህዋሳትም ይረግፋሉ። በአይጥ ቆለጥ ውስጥ ቲኤንኤፍ አልፋ ሲወጋ አጥሩ ላልቶ፣ ቆይቶ መልሶ ሲጠብቅ ታይቷል። በሰው ላይ የአጥሩን ይዞታ በቀጥታ የሚለካ የተለመደ የክሊኒክ ምርመራ የለም።

«ለጉልበት» ቴስቶስተሮን መወጋት። ከውጭ ሲገባ አንጎል ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል፤ በቆለጡ ውስጥ ያለው ቴስቶስተሮን ይወርዳል፣ የዘር ምርትም ሊቆም ይደርሳል። ሰርቶሊዎቹ አጥሩን ለመጠገን የሚፈልጉትም ያንኑ የውስጡን ነው። ልጅ የሚፈልግ ወንድ ይህን መርፌ አይወጋ።

የዘር ምርመራን ማጣደፍና ናሙናን ማበላሸት። አንድ ዘር ተመርቶ እስኪወጣ በግምት 3 ወር ይፈጃል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት የተሰጠ ናሙና የሚናገረው በአብዛኛው ከሕመሙ በፊት ስለተጀመረው ምርት ነው። ከ3 ወር በኋላ ይመርመሩ፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ይቆጠቡ። በተለመደው ኮንዶም አይሰብስቡ። የመጀመሪያው ጠብታ ከፈሰሰ ለላቦራቶሪው ይንገሩ፤ ብዙው ዘር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ቤት ከሰጡ ብልቃጡን በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት ጋር አስጠግተው ይያዙ፤ ከ20 እስከ 37 ዲግሪ ውስጥ ይቆይ፣ ቢቻል በ30 ደቂቃ፣ ቢዘገይ ከአንድ ሰዓት በፊት ይድረስ። ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ የተረሳ ብልቃጥ ምርመራ አይሆንም።

ውጤቱ ላይ «ፐስ ሴል» (የመግል ህዋስ) ሲጻፍ ወዲያው ሌላ አንቲባዮቲክ መጀመርም አለ። በተራ ማይክሮስኮፕ ነጭ የደም ህዋስና ከተጎዳው ቱቦ የረገፈ ያልበሰለ ህዋስ ሁለቱም ክብ ሆነው ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው የፐርኦክሲዴዝ ቀለም ነው፤ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ነጭ ህዋስ ሲደርስ ብግነት ይጠረጠራል። ያ ቀለም ካልተሠራ፣ መድኃኒቱ ከመጻፉ በፊት እንዲሠራ ይጠይቁ።