«ፖሊሲው ነው የገደለን» ከማለታችን በፊት፦ ነጋዴ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ ነጋዴዎች ቡና ይዘው ሲቀመጡ ወሬው ያው ነው፦ ግብሩ፣ ዶላሩ፣ ብድሩ፣ የመንገዱ መዘጋት። ምሬቱ ውሸት የለውም። ግን በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሕግ ሥር አንዱ ሲከስር ጎረቤቱ እንዴት ቆመ?

ጥፋትን ሁሉ ከውጭ መፈለግ። ሕንድ ውስጥ፣ ሙምባይ አካባቢ፣ ተመራማሪዎች ለተወሰኑ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የአስተዳደር አማካሪ ላኩላቸው። ሥራው ተራ ነበር፦ ማሽንን ሳይሰበር መጠገን፣ መጋዘን ማስተካከል፣ ጉድለትን በየቀኑ መመዝገብ። የሀገሪቱ ፖሊሲ ያው ነው። ምርታማነታቸው ግን በመጀመሪያው ዓመት 17 በመቶ ገደማ አደገ።

በድሮ ዋጋ ትርፍ መቁጠር። ብዙ ሰው ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የወፍጮ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው እንውሰድ። ዕቃውን በ5,000 ብር ገዝቶ በ6,500 ሸጠ። 1,500 አተረፍኩ ብሎ 1,000 ለቤት ሰጠ። መርካቶ ሲደውል ያው ዕቃ 7,000 ገብቷል፤ እጁ ላይ ያለው 5,500 ነው። መደርደሪያው ሲሳሳ ደብተሩ አትራፊ ይለዋል። ግብሩም የሚሰላው በደብተሩ ነው! ስለዚህ ከመሸጥ በፊት ስልክ አንስቶ የመተኪያውን ዋጋ መጠየቅ ያዋጣል። «እንግዲያው ዕቃውን ልደብቀው» የሚልም አለ። እሱ ደግሞ ሱቁን ያሳሽጋል።

የቤትና የሱቅን ገንዘብ መቀላቀል። ሠርግ፣ ተዝካር፣ የዘመድ ብድር፣ ሁሉም ከአንድ መሳቢያ ይወጣል። ባለቤቱ ለራሱ ደመወዝ ይቁረጥ፤ በቃ።

የታክስ ገንዘብን እንደ ራስ መቁጠር። ከደንበኛ የተሰበሰበው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የመንግሥት ነው። እህል ገዝተንበት የታክስ ማሳወቂያው ቀን ሲደርስ መጨነቅ የተለመደ ነው። ንግድ ፈቃድም እንዲሁ ነው። ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ድረስ ያለ ቅጣት ይታደሳል፤ እኛ ግን የመጨረሻው ሳምንት ላይ ተሰልፈን ሲስተሙን እንራገማለን። (ሲስተሙም በዚያው ሳምንት መጥፋቱን አልክድም።)

ወቅቱን ሙሉ በአንድ ባንክ ላይ ማንጠልጠል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር ዓመታዊ ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። ዓላማው የዋጋ ንረትን ማርገብ ነበር። በቆሎ ሲደርስ ተበድሬ እገዛለሁ ብሎ ለተቀመጠ ግን የገበያውን ወቅት መዝጋት ነው። ገደቡ ቢላላም ባንክ ጥሬ ገንዘብ የሚያጥርበት ጊዜ አይጠፋም። ማመልከቻውን ቀድሞ ማስገባት፣ የእቁብን ዕጣ ከመኸሩ ጋር ማገጣጠም፣ ከአርሶ አደሩ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል።

የፕሮጀክት ምረቃን እንደ ውጤት መቁጠር። ይሄ የባለሥልጣናቱ ስህተት ነው። ቡሬ ላይ ሀገሪቱ መጀመሪያ ከገነባቻቸው አራት የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች (የእርሻ ምርት የሚያቀነባብሩ ፋብሪካዎች መንደር) አንዱ አለ። ዙሪያው በቆሎ፣ ስንዴና በርበሬ ነው። ይሁን እንጂ አጥርና ሼድ ብቻውን ፋብሪካ አያንቀሳቅስም። መብራት፣ ክፍት መንገድ፣ በጊዜ የሚደርስ ማዳበሪያ፣ በውል የሚያቀርብ ገበሬ ይፈልጋል። ሪባን የቆረጠው ኃላፊ በስድስተኛው ወር ተመልሶ «በቆሎውን ከማን ነው የምትገዙት?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ስብሰባ ላይ ባዶ እጅ መሄድ። ከተማ አስተዳደሩ ነጋዴውን ሲጠራ አንዱ ተነስቶ «መብራት አስቸገረን» ይላል፤ ይጨበጨብለታል፤ ኃላፊውም «እናስተካክላለን» ብሎ ይወጣል። ባለ ዱቄት ፋብሪካው በወሩ ስንት ሰዓት መብራት እንደጠፋ፣ ስንት ኩንታል ሳይፈጭ እንደቀረ፣ ለጄኔሬተር ነዳጅ ምን ያህል እንዳወጣ በቀን በቀን ጽፎ ቢያነብለት «እናስተካክላለን» ብቻ ብሎ መውጣት ይከብደዋል።